የኮሚቴው ፀጉር

እንቅልፍ እንኳ ንቋታል። ጀርባዋን ብትሰጠው እሱም ጀርባውን ሰጥቷት አደረ፤ አሁን መስኮቱ ገርጥቷል፣ ከግድግዳው ማዶ ካለው የልብስ ማጠቢያ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ያ ሥራ ፈት ያንኮራፋል፣ ኮሚቴው። ስሙ ሌላ ነው፤ አሠሪዋ ያወጣችለት ሙሉ የሰው ስም አለው፣ ለመንጃ ፈቃድ የሚበቃ ስም፣ እሷ ግን አንድ ቀን በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም። ለእሷ ኮሚቴው ነው፣ ጉዳይ ባለበት ሁሉ ቀድሞ ይገኛል፣ መሃል ወለል ላይ ይዘረጋል፣ አንድም ነገር ሳይሠራ ይውላል፣ ሲነሳም መኖሩ እንዲታወቅለት ፀጉሩን ትቶ ይሄዳል። ፀጉር! ጠዋት ታበጥሪዋለሽ፣ ማታ ሌላ ውሻ የሚወጣው ያራግፍልሻል፣ ያም ሆኖ አይመለጥም፣ ቢመለጥ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ዳቦው ላይ ፀጉር፣ የጥርስ ብሩሹ ላይ ፀጉር፣ ሽፋሽፍቷ መሃል ፀጉር፤ አሁንም ምላሷ ላይ አንዲት ዘለላ አግኝታ በሁለት ጣቷ ትጎትታለች፣ ረጅም ናት፣ አልወጣም ትላለች። ስንት ሙሽራ ያስጌጠ እጅ! የስንቱን ሹም ሚስት ጭንቅላት እንደ ሎሚ እያገላበጠ ያበጠረ እጅ፣ ይኸው የውሻ ቂጥ ያበጥራል። አይ ጊዜ! አለች ለጣሪያው፣ ሳቀችም፣ ሳቁ ግን ከአፏ አላለፈም።

ዛሬ ባለልኳንዳው አገር ቤት ያለውን የፀጉር ቤቷን ቁልፍ ይቀበላል። እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው፣ የአብዬን ወደ እምዬ ብላ ኮሚቴው ላይ ብታላክክም። ትናንት ልጇ ደውላ ነበር፣ «እማ፣ ነገ ሰውየው ቁልፉን ሊወስድ ነው። ልሽጥ ወይስ ልተው፣ ልምጣ ወይስ ልቅር፣ አንዲት ቃል በይኝ» አለቻት፤ እሷስ ምን አለች? ምንም። ጣቷን ወደ ውሻ ማበጠሪያው ማሽን ሰደደች፣ ማሽኑ ጮኸ፣ «ደንበኛ መጣብኝ የኔ እናት፣ እደውልልሻለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች፣ አልደወለችም። ባለልኳንዳው ደግሞ ማን ሆነና! በሥጋና በጅማት መሃል ያለውን ልዩነት እንኳ ደንበኛ እየተጣላ ያስተማረው ሰው፣ ግድግዳውን አፍርሶ ሱቁን ሊያሰፋ፣ ፀጉር ማድረቂያ ካስኮቼ በተሰቀሉበት ቦታ የበሬ ጭን ሊሰቅል! ያቺ ቤት አንዲት ክፍል ናት፣ ጠባብ፣ መስተዋቷ ጥግ ላይ የተሰነጠቀች፣ ሁለት ካስክ፣ አንድ የራስ ማጠቢያ፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ የሚያለቅስ። ልጅቷን አዝላ ነው የከፈተቻት፤ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ተኝታ እሷ የሰው ፀጉር በቢጎዲን ስትጠመጥም የሚያዩ ሴቶች «ልጅቷም ሙያ እየጠባች ነው» ይሉ ነበር። ዛሬ ያቺው የታዘለችው ቤቱን ይዛ ትሠራለች፣ ሸጣ ልትመጣ ነው፣ ወዴት? እናቷ ጋ፣ እናቷ እዚህ ባሕር ማዶ ከፈተች ወደተባለው ፀጉር ቤት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል። ቆጡ ላይ ደግሞ ምንም የለም፣ ውሻ እንጂ።

መዋሸትም እኮ ወግ አለው፣ ሰው ይለፋበታል፣ እሷ ግን አልለፋችም፣ የለፋችው እህቷ ናት። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን እህቷ ደውላ «ምን ሥራ ያዝሽ?» አለቻት፣ ደህና ነሽ ወይ ሳትል፣ ተኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ ሳትል፤ እሷም ጥያቄዋን ንቃ «ያው የለመድኩትን ነዋ» አለቻት፣ ያን ጊዜ ገና ሥራ እንኳ አልያዘችም፣ ሰው ሳሎን ውስጥ ተኮርምታ ነው የምታድረው። ለእህቷ ጭላንጭል ከሰጧት በር ትገጥምበታለች። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ፀጉር ቤት እንደከፈተች ሰማ፣ በወሩ መስተዋቱ ግድግዳ ሙሉ ሆነ፣ ሲቆይም ረዳቶች ተቀጠሩላት፣ እሷ ራሷ ስለራሷ ሱቅ ከእህቷ ነው የምትሰማው፣ አንድ ቀን እንዲያውም «ወንበሮቹን ቀየርሽ አሉ» ብላት አረፈች። ማረም ትችል ነበር። ማንን ንቃ ማንን አክብራ ታርም? ተውኩት አለች፣ ዝም አይነቅዝም አለች፣ አዎ ዝምታ አይነቅዝም፣ የሚነቅዘው ዝም ያለው ሰው ነው፣ ይህን የሚናገር ተረት ግን የለም።

ቡናማ ካፖርቷን የደረበችው አሠሪ ቁልፏን እያንቃጨለች ደረጃውን ወረደች፤ ጠዋት ነው፣ ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ነው፣ ሥራዋ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባትም፣ ስለ ስብሰባ ስታወራ ብቻ ትሰማለች፤ ኮሚቴው የማን ልጅ እንደሆነ በዚህ ታውቋል። «ልጆቼ!» ትላለች ሴትዮዋ፣ ትንበረከካለች፣ ሁለቱን ውሾቿን ትስማቸዋለች፣ ካፖርቷ ላይ የቀረውን ፀጉር በምታጣብቅ ጥቅል ፕላስተር እያነሳች «ዛሬ ጀርባቸውን በደንብ አድርጊላቸው፣ ወቅታቸው ነው፣ ውስጠኛው ፀጉር እየወጣ ነው» ትላለች። አየሁት እመቤቴ፣ በልቼዋለሁም። «እሺ» አለች። የዚህ አገር ቋንቋ ለእሷ እሺ ነው፣ የቀረው ጌጥ ነው። ሴትዮዋ ሄደች፣ አልሄደችም ግን፤ ሳሎኑ ጣሪያ ጥግ ላይ እንቁላል የምታህል ካሜራ አለች፣ ሴትዮዋ ከቢሮዋ ሆና ልጆቿን የምታይባት፣ ስታይ ዝም ብትል ምናለበት፣ ከጣሪያ ትናገራለች። «ትራሱን ከሥሩ አድርጊለት።» «ውሃ ጠጥቷል?» እግዜር እንኳ ከላይ ሆኖ ስንት ጉድ እያየ ዝም ይላል፣ ይህቺ ስለ ትራስ ታወራለች። በመጀመሪያው ቀን ድምፁ ከላይ ሲመጣ ድንብር ብላ አማትባ ነበር፣ ሴትዮዋም ስታማትብ አይታ «ይህ ደግሞ ለውሾቹ ምልክት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ማሽኑን ከቁም ሳጥኑ ጎትታ አወጣችው። መቼም ይህን የፈጠረ ሰው ሥራ አጥቶ ነበር፤ ሆዱ እንደ ማሰሮ ክብ፣ የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ ከአንገቱ ረጅም ቱቦ የወጣለት፣ ቱቦው ጫፍ ላይ አንዴ ማበጠሪያ አንዴ ብሩሽ አንዴ መቁረጫ እየተቀያየረ የሚሰካበት፤ እያበጠረ የወጣውን ፀጉር እዚያው ይምጠዋል። ከዚህ በፊት በእጅ ማበጠሪያ ነበር፣ ያን ጊዜ ፀጉሩ ሳሎኑን ሞልቶ ይንሳፈፍ ነበር፣ ሴትዮዋ ባሏ ሲያስነጥስ ጊዜ ይህን ገዛች፤ እሷ ስታስነጥስ ግን የተገዛ ነገር አልነበረም። ኮሚቴውን በጎኑ አስተኛችው፣ ማስተኛት አያስፈልገውም፣ ተኝቶ ነው የተወለደው። መቁረጫውን አትነካውም፤ ይህ ዓይነቱ ውሻ ሁለት ደርብ ፀጉር ነው ያለው፣ ላይኛው ሻካራ፣ ታችኛው እንደ ጥጥ፣ አንዴ ከተላጨ ተስተካክሎ አይመለስም፣ ፀሐይም ብርድም መጫወቻ ያደርገዋል። በእጅ ማበጠሪያ ቋጠሮውን ትፈታለች፣ ከዚያ ብሩሹን ትሰካለች፣ ጉልበቱን ዝቅተኛው ላይ ታደርጋለች፣ በግራ እጇ ቆዳውን ወጠር አድርጋ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ትጎትታለች፣ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጭን። አንዳንዴ የብሩሹ አፍ ቆዳው ላይ ይጣበቅና ማሽኑ ያፏጫል፣ አላቀቅ ስታደርገው ድምፁ ይወርዳል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ፀጉሩ እየተጠቀጠቀ ይወጣል፣ እንደ ብርድ ልብስ ይደድራል። ይሄ ሁሉ ከአንድ ቆዳ! ሰው ይህን ያህል ቢኖረው ስንት ሹሩባ ይወጣው ነበር፣ እግዜር ግን ፀጉርን ለማያውቅበት ነው የሚሰጥ።

እሷ እኮ ፀጉር ታውቃለች። ደንበኛ በር ላይ ስትቆም ከፀጉሯ ነበር የምታነባት፤ ይህቺ ከባሏ ተጣልታለች፣ ይህቺ ወልዳ መርገፍ ጀምሯታል፣ ይህቺ ራሷ ቀብታው ተቃጥሎባት አላደረኩም ልትል ነው። የካስኩን ድምፅ ደግሞ ለልጇ ዓይኗን አስጨፍና ነው ያስተማረቻት። ትንሿ ልጅ መስተዋቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ መሬት አይደርስም፣ «ጨፍኚ» ትላታለች፣ «የትኛው ነው የሚሠራው?» «የቀኙ።» «በምን አወቅሽ?» «ይንጣጣል።» «ፎኑስ፣ በእጅ የሚያዘው ማድረቂያ?» «ፀጉር ጎርሷል፣ ትንፋሽ አጥሮታል።» ሴቶቹ ካስኩ ሥር ሆነው እየሰሙ ይስቃሉ፣ ማሽን ከመበላሸቱ በፊት ድምፁ ይበላሻል፣ ትላታለች፣ አፍንጫሽን ሳይሆን ጆሮሽን ስጪው፣ ቃጠሎ ሲሸትሽ ያለቀ ነገር ነው። ልጅቷ ትሰማለች። አሁን የት ናት? አሁን እዚያው በርጩማው ጎን ቆማ ቁልፍ ጨብጣ ትጠብቃለች፣ የበርጩማዋን እግር ያህል ቁመት የነበራት ልጅ፣ ለባለልኳንዳ ልታስረክብ።

ምራቷ ከሶፋው ጀርባ አፍንጫዋን አውጥታ ታያታለች። ሁለተኛዋ ውሻ ናት፣ ከሆነ ቤት ተደብድባ የተረፈች ናት አሉ፣ አማቷ ፊት እንደቀረበች አዲስ ምራት ሁሉም ነገር ያስደነግጣታል፣ ማንኪያ ቢወድቅ ሶፋ ሥር ናት። የማሽኑን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች ቀን ምንጣፉ ላይ ሸንታ በሩን እየቧጠጠች ጥፍሯ ደማ፣ ያን ዕለት አገሩ ሁሉ ተጨነቀ። ሴትዮዋ ከሥራ ቀረች። ሐኪም ተጠየቀ። አትቸኩልባት፣ ቀስ በቀስ ይሁን ተባለ፣ ቀስ በቀሱን ማን ሊሠራው? እሷ። ማሽኑን ሳታስነሳ ሳሎኑ መሃል ታስቀምጠዋለች፣ ላዩ ላይ ብስኩት ታደርጋለች፣ ትታው ትሄዳለች። እሱን ስትለምድ ማሽኑን ወስዳ ሩቅ ክፍል ውስጥ በር ዘግታ ታስነሳዋለች፣ እዚህ ደግሞ ሮጣ መጥታ ብስኩት ትሰጣታለች፣ ሮጣ ሄዳ ታጠፋዋለች። ከዚያ በሩ ገርበብ ይላል። ከዚያ ይከፈታል። ከዚያ ማሽኑ ኮሪደሩ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ፈቀቅ፣ ትንሽ ፈቀቅ፣ ወለል ላይ ተንበርክካ «ነይ የኔ እናት፣ ምንም የለም፣ ድምፅ ነው እንጂ ምንም የለም» እያለች። እየተሳደበች ነበር በልቧ፣ ለሰው ያልተደረገ ለውሻ፤ ሰው ሲፈራ ልመደው ይባላል፣ ውሻ ሲፈራ ሐኪም ይመጣል፣ እኔ እዚህ አገር ስገባ ማን በር ገርበብ አድርጎ አስለመደኝ? እየተሳደበች ግን ሠራችው፣ ሥራ ሲያዝ ደግሞ በአግባቡ ነው፣ ሙያ ንቀት አይወድም። በመጨረሻ ምራቷ ማሽኑ ሲጮህ ራሷ እየመጣች አጠገቡ ትተኛ ጀመር። ድምፁ ለእሷ ብስኩት ሆነ፣ እጅ ሆነ።

ስልኩ ጮኸ። ልጇ ናት። ኮሚቴው ገና በአንድ ጎኑ ነው የተበጠረው፣ ግማሹ ውሻ ግማሹ የተበላሸ ፍራሽ ሆኖ ተዘርግቷል። ማሽኑን አጠፋችው፣ ስልኩን ጆሮዋና ትከሻዋ መሃል ቀረቀረችው፣ እጇ ውሻው ጀርባ ላይ እንዳለ።

«እማ።»

«ወዬ የኔ እናት።»

«እየመጣ ነው። እጁን ሲታጠብ በመስኮት አየሁት። ሽርጡንም ፈትቶታል።»

«ሽርጡን ፈታ? ሙሽራ ሊሆን ነዋ» አለች፣ ማሾፍ የሚያድናት እየመሰላት። «አክስትሽ ምን አለች?»

«አክስቴማ ሻንጣ ገዝታልኛለች።»

«አፈር ትግዛ!»

ልጅቷ አልሳቀችም። ድሮ ብትሆን ትስቅ ነበር። «እማ፣ ቁርጡን ንገሪኝ። ልምጣ?»

ይህቺ ቃል ትመጣለች እጇም ይሄዳል፤ እሷ አታዘውም፣ ራሱ ነው የሚሄደው፣ አውራ ጣቷ ማስነሻውን አገኘው፣ ማሽኑ ሳሎኑን ሞላው፣ ብሩሹ ኮሚቴው ወገብ ላይ ተጣብቆ አፏጨ። «ደንበኛ መጣ...»

«እንዳትዘጊው!» አለች ልጅቷ፣ ጮክ ብላ፣ ጮክ ብላ ተናግራት አታውቅም። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ ዝጊው። እሱ ፎን አይደለም።»

«ምኑ?»

«የሚጮኸው። ፎን ይነፋል እንጂ አይስብም። ይሄ ይስባል፣ የሆነ ነገር ላይ ሲጣበቅ ያፏጫል፣ ስታላቅቂው ይወርዳል። ይኸው፣ አሁን ተጣብቋል። አንቺ አይደለሽ እንዴ ዓይኔን እያስጨፈንሽ ያስተማርሽኝ?»

አላቀቀችው። ድምፁ ወረደ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች፣ አለች በልቧ፣ ልትቆጣ ፈለገች፣ ቁጣው ግን ከየትም አልመጣላትም። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ድሮ። የሰው ቤት ነው የምታጸጂው አይደል? ምንጣፍ ነው የምትጠርጊው። ምን አለበት? እኔም መጥቼ ግማሹን እጠርግልሽ ነበር። እሱ አይደለም የከፋኝ፣ እማ። ስለ አክስቴ ስናወራ አይነሳም። ጎረቤት ስናማ አይነሳም። ልምጣ ስልሽ ነው ደንበኛ የሚመጣብሽ፣ ሁልጊዜ፣ እሷን ቃል ስናገር ጠብቆ። አሁንማ ማዶ ያለው ወፍጮ ሲነሳ እንኳ ልቤ ድንግጥ ይላል። ካልፈለግሽኝ አልፈልግሽም በይኝ፣ ማሽን አታስነሺብኝ።»

አልፈልግሽም? እኔ አንቺን? ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ምራቷ ከሶፋው ጀርባ ወጣች። የማሽኑን ድምፅ ሰምታ ነው፣ ጭራዋን እያወዛወዘች፣ ያቺ ሁሉ ነገር የሚያስደነግጣት፣ እየተዝናናች መጥታ ማሽኑ አጠገብ ተጋደመች፣ አገጯን ቱቦው ላይ አሳረፈች፣ ብስኩቷን ትጠብቃለች። ፀጉር ሠሪዋ አየቻት። ለዚህች በር ገርበብ አድርጌ፣ ተንበርክኬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ድምፁን እንዳትፈራው አስለመድኳት፤ ልጄን በዚሁ ድምፅ ስደበድባት ከረምኩ። ንቄያለሁ ስል፣ እህቴን ንቄ፣ ሴትዮዋን ንቄ፣ ይህን ሳሎን ከነምንጣፉ ንቄ፣ ከሁሉም በላይ ራሴን ንቄ፣ የተናቀችው ልጄ ሆና ተገኘች። ውሻዋ ብስኩቷን ትጠብቃለች።

ማሽኑን አጠፋችው። ቤቱ ጭር አለ፣ ኮሚቴው በሥራ መሃል ስለተቋረጠ ቅር ብሎት ራሱን ቀና አደረገ፣ ከዚያ ከጣሪያው ድምፅ መጣ፤ «ሁሉም ደህና ነው? ለምን ቆመ?» የውሾቹን ፎጣ አነሳች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ እንቁላሏ ላይ ጣለችበት። ነገ ለዚህ ምን እንደምትል አላሰበችም። «ምንድን ነው እሱ?» አለች ልጅቷ በስልክ። «ጣሪያው ነው» አለቻት፣ «እዚህ ጣሪያው ይናገራል፣ እነግርሻለሁ። ስሚኝ አሁን። ስሚኝ የኔ እናት፣ ምንጣፍ አይደለም የምጠርገው። ውሻ ነው የማበጥረው።»

«ምን?» አለች ልጅቷ።

«ውሻ ነው። ሁለት ናቸው። ፀጉር የሚያራግፉ፣ አንዱ ጥጃ የሚያህል። በዚህ ነው የማበጥራቸው፣ እያበጠረ በሚስብ። ፀጉር ቤት የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም፣ ከማጠቢያ ክፍሉ ጎን ባለች ክፍል ነው የማድረው። አንቺን አይደለም ያልፈለግሁት። ይህን እንዳታዪብኝ ነው። እዚህ መጥተሽ በዚህ ወለል ላይ ተንበርክኬ ስታዪኝ፣ እዚያ ቤታችን ወንበር አጠገብ ቆሜ ስሠራ ያየሽው ነገር ሁሉ ውሸት እንዳይመስልሽ ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ጠላችው፣ ግን ቀጠለች። «አትሽጪው። እዚያች ክፍል ነው ሰው የነበርኩት። እሷ ከሄደች የምመለስበት የለኝም። ልቤ ቢፈልግሽም አትምጪ፤ እኔ ነኝ የምመጣው፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ቤቱን አታፍርሺብኝ።»

ከዚያ ማዶ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች መለየት አልቻለችም፣ ጆሮ አለኝ የምትል ሴት። ቆይታ ልጅቷ «ስማቸው ማነው?» አለች።

«ስማቸውን ተዪው፣ አያምርም። ትልቁ ኮሚቴው ነው።»

አሁን ሳቀች፣ በእርግጥ ሳቀች፣ የድሮው ሳቋ ነው፣ በአፍንጫ የሚያመልጥ። «ኮሚቴው! ቀበጥ ነው ወይስ ሰነፍ?»

«ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሲሠራ ያየው የለም።»

«በየት በኩል ትጀምሪዋለሽ?»

ከስንት ዘመን ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት የለም። ሴትዮዋ ጨረስሽ ወይ ነው የምትለው፣ እህቷ ምን ላክሽ፣ ይህን ጥያቄ ግን ሙያ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚጠይቀው። «ከትከሻው» አለች፣ እጇም ሳታውቀው ኮሚቴው ትከሻ ላይ ሄደ፣ «ፀጉሩ በተኛበት። ወደ ላይ ከሳብሽው ቆዳው ይቆጣል። ቋጠሮ ካለው መጀመሪያ በእጅ ፍቺው፣ እንደ ሕፃን ጭንቅላት፣ ሥሩን ይዘሽ ከጫፉ። ጆሮው ኋላ ላይ ነው የሚቋጠረው፣ እዚያ ማሽን አይገባም...»

በዚያ በኩል በር ተንኳኳ። ጠንካራ ማንኳኳት ነው፣ መዳፍ ነው፣ የሥጋ ቢላ የለመደ መዳፍ። «መጣ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እናትየዋ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች። የምታስነሳው ነገር አልቀራትም፣ እጇ ውሻው ላይ እንዳለ አፏን ከድና ጠበቀች፤ የባለልኳንዳው ድምፅ ተሰማ፣ «አለሽ ወይ?» እያለ፣ መዳፉ ደግሞ ሳንቃውን ሲመታ ተሰማ፣ የልጅቷ ኮቴ ወለሉ ላይ ሲሄድ ተሰማ፣ ወደ በሩ ይሁን ወደሌላ አልታወቀም። ከዚያ አንዲት ማብሪያ ቀጭ አለች። ከዚያ ያ ድምፅ ተነሳ፣ መጀመሪያ እያጉረመረመ፣ ከዚያ ሙሉ ሆኖ፣ ካስኩ ነው፣ ይነፋል፣ በማንም ራስ ላይ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ልጅቷ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ ሆና ወደ በሩ «ደንበኛ ይዣለሁ! ዛሬ አይሆንም! ደንበኛ ነው የያዝኩት!» ትላለች። ሰውየው አንድ ሁለቴ መታ፣ የሆነ ነገር አጉረመረመ፣ ከዚያ መዳፉ አልተሰማም።

«እማ፣ አለሽ?» አለች ልጅቷ።

«አለሁ» አለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ኮሚቴው እጇ ሥር ተመልሶ ተኝቷል፣ ምራቷ ብስኩቷን ተስፋ ሳትቆርጥ ትጠብቃለች። «የቀኙን ነው ያስነሳሽው፤ ብሎኑ ላልቷል፣ ይንጣጣል። ዛሬውኑ አጥብቂው።»